ዳር ይዘህ ቁም

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ያው ነው። ስልክ ደውዬ እንዳልነግርህ «አባ፣ ኔትወርክ የለም» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ሎጊያ ኔትወርክ እንዳለ ደግሞ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ጻፍኩ።

ረቡዕ ዕለት አንድ የድሮ ባልደረባዬ እቤት መጥቶ ነበር። ሎጊያ አይቶሃል። ሻይህን ቆመህ ነው የጠጣኸው አለኝ። ዓይንህ በርበሬ መስሏል፣ ጉንጭህ በጫት ተወጥሯል። «ዛሬ እዚህ ታድራለህ?» ቢልህ «ጠዋት ሞጆ ደረቅ ወደብ መግባት አለብኝ» አልከው። ከሎጊያ ሞጆ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በተጫነ ተሳቢ። በሌሊት። ከጅቡቲ ወደብ ተነስተህ፣ ጋላፊ ድንበር ወረፋ ላይ በፀሐይ ተቀቅለህ።

እንቅልፍ ሲመጣብህ ዳር ይዘህ ቁም። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህችን አትርሳ።

ለምን እንደምትሮጥ ይገባኛል። ደመወዝህ ትንሽ ናት። ቤት ኪራዩ፣ የልጅቷ ወተት፣ ሁሉም የተንጠለጠለው በየምልልሱ፣ በቢያጆው ክፍያና በአበሉ ላይ ነው። ቶሎ ከተመለስክ ቶሎ ትጭናለህ፤ በወር አንድ ቢያጆ ትጨምራለህ። ወደቡ ላይ አምስት ቀን ከተገተርክ ግን ማንም አይቆጥርልህም። ባለንብረቱ «ሌሊት ንዳ» ብሎ አያዝህም። ማዘዝም አያስፈልገው፤ ሒሳቡ ያዝዝለታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን እህትህ ከስልኳ አነበበችልኝ። 1156/2011። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። ትርፍ ሰዓቱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳያልፍ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 የተሠራ ትርፍ ሰዓት ክፍያው በ1.75 ይባዛል። ሳቄ መጣ። እኔ የአሰብን መንገድ በሌሊት የበላሁትን አንድ ነጥብ ሰባ አምስት ቢያባዙልኝ ዛሬ ፎቅ ነበረኝ። ግን አትናቀው። ደብተር ያዝ። የተነሳህበትን ሰዓት፣ የደረስክበትን፣ ወረፋ ላይ የቆምክበትን ቀን ሁሉ ጻፍ። ውልህንም በጽሑፍ አድርግ። በአፍ የተባለ አበል ጠብ በተነሳ ቀን የለም።

አሜሪካ የሚነዳው የአክስትህ ልጅ እዚያ 11 ሰዓት ከነዱ በኋላ 10 ሰዓት ማረፍ ግዴታ ነው አለኝ። መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ደቂቃዋን ሳይቀር ይመዘግባል። እኔም እግዜር ይስጣቸው አልኩ። ከዚያ የሚከፈለው በማይል እንደሆነ ነገረኝ። መጋዘን በር ላይ ግማሽ ቀን ቢገተር ብዙ ጊዜ ሰባራ ሳንቲም የለም። ሰዓቱ ሳያልቅበት ለመድረስ ይከንፋል። ለካ እነሱም ጋ ሰውየው ይቆማል፣ ሆዱ ግን አይቆምም።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ነገር ልግባ። ሦስት ቀን ሙሉ ብዕር አንስቼ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ጋሼ የምትለው፣ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ክራንቹን ይዞ የሚመጣው ሰው፣ ረዳቴ እንደነበር ታውቃለህ። እግሩን በጎማ መፈንዳት እንዳጣም ታውቃለህ። መቶ ጊዜ ነግሬሃለሁ። ጎማ አልፈነዳም።

በ1987 ዓ.ም ነው፣ ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው። አንተ ዳዴ ትል ነበር። የአሰብ ወደብ ገና አልተዘጋብንም። ባለንብረቱ ከበዓሉ በፊት ሦስተኛ ቢያጆ ከጨመርክ ጉርሻ አለህ አለኝ። በግ ታየኝ። ለእናትህ ቀሚስ ታየኝ። ኤንትሬዋን፣ ያቺን የድሮ ፊያት የጭነት መኪና፣ ማዳበሪያ ጭኜ ከአሰብ ተነሳሁ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

ሚሌን አልፈን ወደ ባቲ ስንወጣ ሊነጋጋ ነበር። ያ ልጅ 19 ዓመቱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይለፈልፋል። ስለ ባቲ ሰኞ ገበያ። እናቱ ልትሸጣት ስለፈለገች ጊደር። ጊደሯ ቀንዷ እንዴት እንደሆነ በእጁ እያሳየኝ። ራሴን ሊፈነዳ ደረሰ። «ዝም በል! ተኛ!» ብዬ ጮህኩበት። «እሺ ጋሼ» አለና ጋቢውን ተከናነበ።

እንዳልተኛ ብሎ ነበር የሚያወራው። ይህ የገባኝ በኋላ ነው።

ከዚያ የማስታውሰው የጎማውን ድምፅ ነው። አስፋልት ላይ ሲያፏጭ የነበረው ጎማ ድንገት ጠጠር ማኘክ ጀመረ። ዓይኔን ስገልጥ መንገድ የለም። ገደል እንኳ አልነበረም፤ አንዲት የጎርፍ ቦይ ናት። መኪናዋ በእሱ በኩል ተኛች። ማዳበሪያው ፈስሶ ምድሩ ነጭ ሆነ። እኔ ክንዴ ተጫረ። እሱ ጋቢናው ሥር ነው።

ትራፊኩ ሲመጣ አፌን ሳልከፍት ልጁ ከነደሙ «የፊት ጎማ ፈነዳ» አለ። ማን አስተማረው? ማንም። እኔም ዝም አልኩ። ይኸው ዛሬም ዝም እንዳልኩ ነኝ። አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቡናውን ይጠጣል፣ የልጅህን ፀጉር ይዳብሳል፣ ይሄዳል።

እና ምን አደረግኩ? ጎማ፣ ጎማ እያልኩ አሳደግኩህ። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ጎማ እይ አልኩህ። የመጀመሪያውን ተሳቢ ስትይዝ ጎማ በመዶሻ መታ መታ አድርግ አልኩህ። ስለ እንቅልፍ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ውሸቴ እንዳይከፈትብኝ። ባልደረባዬ ስለ ዓይንህ ሲያወራ እኔ የታየኝ ያ ነጭ መሬት ነው።

ጫቱ ነቅቼያለሁ ያስብልሃል እንጂ አያነቃህም። ምርቃናው ሲወርድ ዓይንህ እንደተከፈተ ትተኛለህ። ማዛጋት ከጀመርክ፣ ያለፍከው ከተማ ስሙ ከጠፋብህ፣ ዳር ይዘህ ቁም። ባለንብረቱ ቢደውል ቁም። ወረፋው ቢያልፍህ ቁም። ብቻ እንደ ሰካራም ኩርባ ላይ አትቁም፤ ቦታ ፈልግና ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ አስቀምጥ። ረዳትህ ሲለፈልፍ ደግሞ አትቆጣው። አስወራው። ስለ ጊደርም ቢሆን።

በሶና ቆሎ በዚሁ መልእክተኛ ተልኮልሃል። በሶውን ቶሎ ጨርሰው፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ውኃ ጠጣ፤ ኩላሊት የሹፌር ዕዳ ነው። በነጠላ ጫማ መንዳቱን ተው፣ ፔዳሉ ሥር ይገባል። ጎማውንም እይ እንግዲህ፤ የአፋር አስፋልት ጎማም አይምርም።

ደብዳቤውን ለእናትህ እንዳታነብላት። እሷም የምታውቀው የፈነዳውን ጎማ ነው፤ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ለኅዳር ሚካኤል ፈቃድ ጠይቀህ ና። ጋሼህ ሲመጣ አንተም እንድትኖር እፈልጋለሁ።

ሚሌ ስትደርስ ደውልልኝ። ዳር ይዘህ፣ ሞተር አጥፍተህ ደውል።

አባትህ