«ለሁሉም ተጠቃሚ ክፍት ሆኗል» የተባለው መንገድ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰፈር መንገዶች ጥገና ያወጣችሁትን ዘገባ ስጀምረው ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ ጥገና በጀት የሚጽፍ ብዙም የለም። ካሜራ የሚሮጠው ሪባን ወደሚቆረጥበት ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። «መንገዱ ሙሉ በሙሉ ታድሶ ለሁሉም ተጠቃሚ ክፍት ሆኗል» ይላል።

ለሁሉም? ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ይህችው አንዲት ቃል ናት።

እኔ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። መንገዱ ደግሞ የኔው ደጃፍ ነው። አስፋልቱ በእርግጥ ታድሷል። ለስላሳ ነው፤ መኪና ሲያልፍበት እንኳ ብዙም አይሰማም። ነገር ግን አዲሱ ንጣፍ የፈሰሰው አሮጌው አስፋልት ላይ ነው። ጠርዙን ማንም አልፋቀውም። ስለዚህ መንገዱ ከፍ አለ። ከእግረኛ መንገዱ ወደ አስፋልቱ የምወርድበት ራምፕ ጫፍ ላይም አራት ጣት የሚያህል እርከን ተፈጠረ።

ያንን ራምፕ ለማሠራት ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ፊርማ አሰባሰብኩ፣ «ነገ ና» ሲሉኝ ተመላለስኩ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ያልፈጀ ሥራ ጥቅም አልባ አደረገው። በማግስቱ የፊት ጎማዬ እርከኑ ላይ ተቀርቅሮ በግንባሬ ተደፋሁ። ያነሳኝ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ነው። ከዘገባችሁ ጋር የወጣው ፎቶ የተነሳው ከዚያ ራምፕ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው አስፋልቱ ብቻ ነው።

ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ተናገርኩ። «የእግረኛ መንገድ በዚህ ዙር የለም» አሉኝ። እናንተም «የእግረኛ መንገዱ በቀጣይ ይታያል» ብላችሁ በግማሽ መስመር አለፋችሁት። መቼ? በየትኛው ገንዘብ? ጋዜጠኛ ይህን ካልጠየቀ ማን ይጠይቅልን?

«በቀጣይ» የሚባለው ለምን እንደማይመጣ እኔ ልንገራችሁ። የጥገና ገንዘብ የሚሄደው ቁጥር ወዳለበት ነው። የትኛው መንገድ ይቅደም የሚለውን ለመወሰን መለኪያዎች አሉ። አንዱ ስንጥቁን፣ ጉድጓዱን፣ ጎማ ያሰረጎደውን ቆጥሮ ለመንገዱ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ሌላው ሸካራነቱን ይለካል። ይህኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ብራዚል ውስጥ፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ ከተደረገ ሙከራ ነው። የሚያሰላው አንድ መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ምን ያህል እንደሚንገጫገጭ ነው። ለመኪና መንገድ ጥሩ መለኪያ ነው፤ አልነቅፈውም። ስለ እግረኛ መንገድ ግን ምንም አይነግረንም። የእግረኛ መንገዱን ማንም ካልለካው ነጥብ የለውም። ነጥብ ከሌለው ወረፋ ውስጥ አይገባም። ወረፋ ውስጥ ካልገባ ደግሞ በጀት ሲደለደል ስሙም አይነሳ።

«ገንዘብ የለም» የሚለው መልስም አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ የጭነት መኪኖችን በሙከራ መንገድ ላይ እያመላለሱ መንገድ እንዴት እንደሚጎዳ አጥንተው ነበር። ከዚያ በወጣው ስሌት፣ በአንድ አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ዘንግ፣ ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። እንዲህ ከሆነ የሰው እግርና የኔ ጎማ ምን ያህል ያበላሻሉ? ከቁጥር አይገባም። የእግረኛ መንገድ ከሥሩ በደንብ ተጠቅጥቆ፣ ውሃ መውረጃም ተበጅቶለት ከተሠራ እኛ አንጨርሰውም። የሚሰብረው ላዩ ላይ ወጥቶ የሚቆመው መኪና ነው። የዛፍ ሥር ነው። ቧንቧና ኬብል ሊቀብር ቆፍሮ፣ አፈር መልሶበት የሚሄደው ነው። ሌላው የሰበረውን ተሸክመን የምንኖረው ግን እኛ ነን። እኛ ስል በዊልቸር የምንሄደውን ብቻ አይደለም። በምርኩዝ የሚሄዱ አዛውንት፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ማየት የተሳነው ሰው፣ ሁሉም አሉ።

ደግሞ አስፋልት ማልበስና ራምፕ መሥራት የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም። ፊላደልፊያ ውስጥ አካል ጉዳተኞች በዚሁ ጉዳይ ከተማቸውን ከስሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ጉድጓድ መድፈን ተራ ጥገና ነው፤ ጎዳናን እንዳለ አስፋልት ማልበስ ግን መንገዱን መለወጥ ነው፤ ስለዚህ ራምፑም አብሮ ይሠራ አለ። አእምሮ ያለው ፍርድ ነው። ማሽኑም ሠራተኛውም ቦታው ላይ ነው። ጠርዙን ፍቆ አዲሱን ንጣፍ ከራምፑ እኩል ማድረግ ምን ይከብዳል? አዲስ ራምፕ ቢያስፈልግም ብዙ ቦታ የሚሠራበት ተዳፋት ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ 1 ሜትር ከ80 ይበቃዋል። ይህን ያህል ነው የጠየቅነው።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያቺን «ለሁሉም ተጠቃሚ» የምትል ሐረግ አርሙልኝ። «ለመኪና ክፍት ሆኗል» በሉ፤ እውነቱ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ዘጋቢያችሁ ተመልሶ ይምጣና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በእግረኛው በኩል ይሂድበት። እኔ አብሬው እወጣለሁ። ዝናብ ባባራ ሰዓት ቢመጣ ይሻላል፤ አስፋልቱ ከፍ ካለ ወዲህ ውሃው የት እንደሚተኛ ያኔ በደንብ ይታያል።

በዊልቸር የሚንቀሳቀስ አንባቢያችሁ