የማይደውለው መራጭም መራጭዎ ነው

ለተከበሩ የምርጫ ወረዳችን የኮንግረስ ተወካይ
ዋሽንግተን ዲሲ

እንደምን ሰነበቱ? አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነኝ። በ1998 እ.ኤ.አ. ዲሲ መሃል መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ከጃንዋሪ ጀምሮ ሬዲዮው ወሬው ሁሉ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከዋይት ሀውስ ሠልጣኟ ከሞኒካ ሌዊንስኪ ጋር የነበራቸው የቅሌት ግንኙነት ነበር። ደውለው የሚናገሩትን ስሰማ፣ አገሩ በሙሉ “ይውረድ!” የሚል ይመስለኝ ነበር።

አልነበረም። በኖቬምበር ምርጫ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በተወካዮች ምክር ቤት 5 ወንበር ጨመረ። በአጋማሽ ዘመን ምርጫ እንዲህ ያለ ነገር ከ1934 ወዲህ እስከዚያ ድረስ ታይቶ አይታወቅም ነበር። ሪፐብሊካኖች አሁንም አብላጫ የያዙበት ምክር ቤት ግን ከሥልጣን እንዲነሡ ዲሴምበር 19 ቀን 228 ለ206 ድምፅ ከሰሳቸው። በዚያው ሰሞን የሕዝብ አስተያየት የሚለካው ጋሉፕ ሕዝቡን ሲጠይቅ 73 በመቶው “ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ ነው” አለ። ከሥልጣን ይነሡ የሚለው ሲሶ ያህል ነበር። ሴኔቱም በፌብሩዋሪ ነጻ አወጣቸው፤ ለማንሣት 67 ድምፅ ሲያስፈልግ ከ50 በላይ አልተገኘም።

ታዲያ ሲሶው እንዴት ምክር ቤቱን አሸነፈ? እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ያ ሲሶ በአንድ ፓርቲ ውስጥ ሲሰበሰብ አብዛኛው እሱ ነው። ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ ላይ ይመጣል፣ ይደውላል፣ ቂምም ይይዛል። “ነገሩ ይብቃን” የሚለው ሰው ግን ለዚያ ብሎ ከሥራው አይቀርም።

ጥቂቶቹን አይስሟቸው እያልኩ አይደለም። ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ባስለቀቀው በዋተርጌት ቅሌት ጊዜ፣ ጁን 1973 ላይ፣ ኒክሰን ይነሡ የሚለው 19 በመቶ ብቻ ነበር። በኦክቶበር ኒክሰን ጉዳዩን የሚመረምረውን ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሲያባርሩ ኮንግረሱ በቴሌግራም ተጥለቀለቀ። ኦገስት 1974 ላይ ይነሡ ባዩ 57 በመቶ ደረሰ። ማስረጃው ሲወጣ ዝም ያለውም ሰው እነዚያን ጥቂቶች ተከተለ። በ1998 ማስረጃው ወጣ፣ ሕዝቡ አየው፣ ግን አልተከተለም። እኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፦ የጮኸው ስንት ነው ብቻ ሳይሆን፣ ዝም ያለው ወዴት እየሄደ ነው?

እባክዎ፣ ይህን እንዲጠይቁ ነው የምጽፍልዎ። ሌላ ቅሌት መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የቢሮዎ ስልክ ይጨናነቃል። ስልኩ የሚነሣው ግን በሥራ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የእኛ ሰው ታክሲ ላይ ነው። ወይ ከአዳር ሥራ ገብቶ ተኝቷል። አንዳንዱ ደግሞ አነጋገሬ ይሳቅበታል ብሎ ይፈራል። ባለሥልጣን ቢሮ ደውሎ መናገር በማይታሰብበት አገር ያደገም ብዙ ነው።

“ይህን ያህል ስልክ ደረሰን” ሲሉ፣ ስንት የተለያየ ሰው እንደደወለ አብረው ይንገሩን። የሕዝብ ስብሰባውንም አንዳንዴ ማታ፣ አንዳንዴ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ አስተርጓሚም ይኑር። ያን ካደረጉ እናቴን ይዣት እመጣለሁ። ዜግነት ካገኘች ጀምሮ አንድም ምርጫ አልቀረባትም። እስከ ዛሬ ግን ሐሳቧን የጠየቃት ተወካይ የለም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መራጭዎ