ልጆቹን ወለሉ ላይ እንልቀቃቸው

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ልጆች አስተዳደግ የምታወጡትን ሁሌም እከታተላለሁ። ልጆች ወለል ላይ እንደልባቸው ስለመንቀሳቀሳቸው ግን ሲነሳ አላየሁም።

ገና መራመድ የጀመረ ልጅ የሚያስበው በእጁና በእግሩ ነው። ማንኪያውን ደጋግሞ የሚጥለው እኛን ለማናደድ አይደለም። ምን እንደሚሆን እያየ ነው። ወድቆ ሲነሳ ሚዛን መጠበቅ ይማራል። ወንበር ሥር የገባችውን ኳስ ሲፈልግ ደግሞ ከዓይኑ የተሰወረ ነገር እንዳልጠፋ ይገባዋል። አካልና አእምሮ አብረው ነው የሚያድጉት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ1 እና የ2 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፤ 2 ዓመት ሲሞላው ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። እኔም ሥራ ሲበዛብኝ ስልኬን ለልጄ ሰጥቼ አውቃለሁ። ዝም ይላል። ዝምታው ግን ያሳስበኛል።

«የእገሌ ልጅ በ10 ወሩ ሄደ» የሚለው ንጽጽርም ይቅርብን። ጤነኛ ልጆች ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩበት ጊዜ ሰፊ ነው፤ ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ። በ18 ወሩ ካልተራመደ፣ ወይም ይል የነበረውን ቃል ከተወ ግን «ቆይ፣ ያድጋል» ሳይባል ሐኪም ይየው።

እባካችሁ አንድ የሕፃናት ሐኪም አነጋግሩልን።

አንዲት እናት