«በሰከንድ ይገኛል» ስለተባለው ፋይል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አንድ የጎንደር መሥሪያ ቤት በሠራችሁት ዘገባ «ፋይሉ ሁሉ ስካን ስለተደረገ ማንኛውም ሰነድ በሰከንድ ይገኛል» ብላችኋል። ኃላፊው ተናግረዋል፣ የአይቲ ባለሙያው ከኮምፒውተሩ ጋር ፎቶ ተነሥቷል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን የተነሣው ከአቧራው ጋር ብቻ ነው። ይሁን፣ ለምደነዋል።

«በሰከንድ» የምትለዋን ግን እንያት። ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ ነው። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ሲመዘገብ የተጻፈለትን ነው፤ የፋይል ቁጥር፣ ስም እስከ አያት፣ ቀን፣ ጉዳይ። አንዱ መዝጋቢ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ካስገባ ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለማሽኑ ሁለት። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ካልተሠራ ባለጉዳይዋ «ፋይልሽ የለም» ተብላ ትመለሳለች። ፋይሉ አለ! ቀኑም አንዱ ዘንድ በእኛ፣ ሌላው ዘንድ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተመዘገበ ያው ነው።

ሌላም አለ። ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በታይፕ ከተጻፈው ውስጥ ሳይሆን ኃላፊው ደብዳቤውን ሲመሩ በእጃቸው በጫሩት ላይ ነው፤ ቦታ ሲጠባቸው ደግሞ ጀርባው ላይ። ስካነሩ የፊቱን ገጽ ብቻ ካነሣ ማመልከቻው ገባ፣ «ይፈጸም» የሚለው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የስቴፕለር ሽቦ ይነቀላል፣ ገጹ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሁለቱም ገጽታ በ300 ዲፒአይ የምስል ጥራት ይነሣል፣ መጨረሻ ላይ የምስሉ ብዛት ከገጹ ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ይህን የሚሠራው ያ ባለ አቧራው ሰው ነው።

«ጠፋ» የሚባለው ፋይልም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ሲወጣ በቦታው የፋይሉ ቁጥር፣ የተረካቢው ስም፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ካርድ ካልገባ ማን ያውቃል? አሁን ደግሞ ደብዳቤ በቴሌግራም ይላካል፤ ሠራተኛው ሲዛወር ደብዳቤውም ስልኩ ውስጥ ሆኖ አብሮ ይዛወራል።

ቅጂ አለ ተብሏል። የት? ከኮምፒውተሩ ጎን የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ እሳት ቢነሣ አብሮ ነው የሚነድደው፤ አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ መሆን አለበት። በዚችው ከተማ በነገሥታቱ ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ከነምስክሮቹ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬም ይነበባል። የይለፍ ቃሉ ጠፋ ሲባል አልሰማንም።

ተመልሳችሁ ሂዱና ከመደርደሪያው ዐሥር ፋይል በዘፈቀደ አንሡ። ኮምፒውተሩን ጠይቁት፣ ሰዓት ያዙ፣ ውጤቱንም ዘገባውን ባወጣችሁበት ስፍራ አውጡልን።

የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ከጎንደር