ጀነሬተርም ቦሎ ይለጥፍ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ክቡር ከንቲባ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ጀነሬተር ጭስ ነው። ፒያሳ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። ሱቁም ፀጉር ቤቱም ተራ በተራ ያስነሳል። ጭሱ የሚተፋው ወደ እግረኛው መንገድ ነው፤ እናቱ እጁን ይዛው የሚሄደው ሕፃን ፊት ላይ። ከጎን ረከቦት ዘርግታ ቡና የምታፈላው ልጅ አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና ትውላለች። ቦታ ልቀይር ብትል ደንበኞቿ ይሸሿታል።

ጭሱ ቀላል ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ ከፈረጀው ቆይቷል፤ 2012 እ.ኤ.አ. ነበር። የቤንዚኑ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። ሽታም ቀለምም የለውም። ዝናብ ሲመጣ ጀነሬተሩን እየሠራ ወደ ውስጥ የሚጎትት ሰው አለ። እባክዎ፣ ይህ እንደሚገድል በየቀበሌው ይነገር። ራሴን አመመኝ ብሎ ጋደም ያለ ሰው በዚያው ሊቀር ይችላል።

ሕግስ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አለ። መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጥፋል። ፋብሪካ ሊተከል ሲል የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይጠየቃል። ዛሬ አዘዞ ነገ አራዳ የሚጎተተውን ኮምፕሬሰርና ትልቅ የናፍጣ ጀነሬተር ግን ማንም ሲጠይቀው አላየሁም። ጎማ ቢኖረውም መኪና አይባልም፣ ፋብሪካም አይደለም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ 50 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ሞተር የሚመዘገብበት ሥርዓት አለ። ባለቤቱ አንዴ አስመዝግቦ በግዛቱ ሁሉ እያዘዋወረ ያሠራዋል። ለእኛም ይሆናል።

እንግዲህ ከትልልቆቹ ይጀመር። ከተማው ከኮንትራክተር ጋር ውል ሲፈርም፣ የኮሪደር ልማቱንም ጨምሮ፣ የማሽኑን የምርመራ ወረቀት ይጠይቅ። ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የአየር ፊልተር ሲደፈን ወይም ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ነው። ፊልተር መቀየር ኮንትራክተርን አያከስርም።

ፀጉር ቤቱን ግን አደራ፣ በቅጣት አትጀምሩት። መብራት ሲጠፋ እንጀራው እሱ ነው። ጀነሬተሩን ከበርና ከመስኮት አርቆ፣ ጭሱን ከመንገደኛው አዙሮ የሚያስቀምጥበት ቦታ ይታየው። ባለሙያ ልካችሁ አሳዩት፤ ካልሰማ ያኔ ይቀጣ።

የፋሲል ግንብ ዙሪያ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ጥቀርሻ የያዘውን የኖራ ግድግዳ መልሶ ማጽዳት ድንጋዩንም ይጎዳል። እዚያ የሚሠራ ማሽን ሁሉ አስቀድሞ ይመርመር።

ምዝገባው ጥምቀት ሳይደርስ ቢጀመር ደስ ይለኛል። ከተማችን በእንግዳ የምትጨናነቀው፣ ጀነሬተሩም የሚበዛው ያኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የፒያሳ ነዋሪ