ኢስትሮጅን ጡት ላይ ብቻ አያበቃም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ሳንባ ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሲጋራ ዋናው ጠላት ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ስለ ሆርሞን፣ በተለይም ኢስትሮጅን ስለሚባለው የሴቶች ሆርሞን ግን አንዲት ቃል አላነሳችሁም።

የኢስትሮጅን ተቀባይ (ሆርሞኑ የሚገጥምበት የሴል ፕሮቲን) ሲባል ሁላችንም ጡትን ነው የምናስበው። ቤታ የሚባለው ዓይነት ግን በብዙ የሳንባ ዕጢዎች ላይም ይገኛል። ሆርሞኑ ሲገጥምበት ሴሉ እንዲባዛ ሊገፋፋው ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ 16,608 ያረጡ ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሌላ የሴቶች ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት) አብረው ከተሰጣቸው 73 ሴቶች በሳንባ ካንሰር ሞተዋል። የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ደግሞ 40። የሚገርመው፣ በበሽታው የተያዙት ቁጥር ያን ያህል አልተራራቀም! ሆርሞኑ ካንሰሩን ከመጀመር ይልቅ ያለውን ያባባሰ ይመስላል።

በሚቀጥለው ዕትም ብትመለሱበት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ