ባትሪው ሲያልቅስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ውሃ ነዳጅ ሊሆን ነው» በሚል ርእስ፣ ውሃን በፀሐይ ብርሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከፍሎ ሃይድሮጅኑን ለነዳጅ ስለማዋል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ይዞልኝ የመጣው የናፍጣ ወፍጮ ያለው ጎረቤቴ ነው። «መምህር፣ እንግዲህ ናፍጣ ቀረ!» አለኝ። አልቀረም።

ኬሚስትሪ ሳስተምር ቤተ ሙከራችን ባዶ ስለነበር ሁለት እርሳሶች በሁለቱም ጫፍ ቀርጬ፣ ከዘጠኝ ቮልት ባትሪ ጋር አገናኝቼ፣ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እነክራቸው ነበር። በአንዱ ጫፍ አረፋው ይግተለተላል፤ ሃይድሮጅን ነው። በሌላው ኦክስጅን ቀስ እያለ ይወጣል። አንድ ቀን ክፍሉ ሲያጨበጭብ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «መምህር፣ ባትሪው ሲያልቅስ?» አለች።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ይህችን ጥያቄ ነው። ውሃ ማለት ተቃጥሎ ያለቀ ሃይድሮጅን ነው፤ አመድ በሉት። አመዱን መልሶ እንጨት ለማድረግ ጉልበቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ነው። እዚህ ላይ ከፋይዋ ፀሐይ ናት።

ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን በ1972 እ.ኤ.አ. ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ ብርሃን አሳርፈው ውሃ መክፈላቸውን አሳትመዋል። የቤት ቀለምን የሚያነጣው ያው ነጭ ዱቄት ነው። ችግሩ ዱቄቱ የሚቀበለው ዓይን የማያየውን ጨረር፣ አልትራቫዮሌቱን ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ጥቂቱ እጅ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የጃፓናዊው ተመራማሪ የፕሮፌሰር ዶመን ቡድን በሌላ ዱቄት የተሠራ 100 ካሬ ሜትር ገበታ ውጤት ይፋ አደረገ። ከብርሃኑ ወደ ሃይድሮጅን የተለወጠው ቢበዛ 0.76 በመቶ ነው። እስቲ ወደ ቤታችን እናምጣው፦ ያ ሁሉ ገበታ በጠራራ ቀትር የሚያስቀረው ጉልበት የአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድን ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ጣሪያ ላይ የምናየው ተራ የፀሐይ ፓኔል ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ውሃውን በዚያ ቢከፍሉት ከአሥር እጥፍ በላይ ይገኛል።

የጃፓኖቹን ሥራ አልንቅም። የዶመን ገበታ ሽቦ የለው፣ ባትሪ የለው፤ ዱቄት የተቀባ መስታወትና ስስ ውሃ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን ሊረክስ ይችላል። ግን ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ተደባልቀው ነው የሚወጡት፤ እኔ ክፍል ክብሪት ሲጠጋው ፈንድቶ የጮኸውን የሰማ ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ማረሚያውን ቶሎ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ጎረቤቴ የወፍጮውን ሞተር የሚገዛው ሰው ማፈላለግ ጀምሯል።

ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ